ከልጆች ጋር በሳይካትሪ ክፍል፦ ድሬና ሐረር ላይ ለሚጀምር አማካሪ

በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ለሕፃናት ብቻ የቆመ የአእምሮ ሆስፒታል የለም። ድሬዳዋ ላይ ወደ ድል ጮራ፣ ሐረር ላይ ወደ ሕይወት ፋና የሚመጣ ልጅ የሚታየው በአጠቃላይ ሆስፒታል ውስጥ ባለ የሳይካትሪ ክፍል ነው። ሪፈር ተጽፎለት አዲስ አበባ አማኑኤል ይሂድ ከተባለ ደግሞ ቤተሰቡ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ፣ የመኝታና የምግብ ወጪ ይጠብቀዋል። ስለዚህ የ11 ዓመት ልጅ ከአዋቂ ታካሚዎች አጠገብ አልጋ ሊይዝ ይችላል።

እዚህ ቤት የሚገባ አዲስ አማካሪ ሥራው ልጁን ቁጭ አድርጎ መምከር ከመሰለው ቶሎ ግራ ይጋባል። ምክር ከሥራው ትንሹ ነው። ሐኪሙ በዙር ሰዓት ጥቂት ደቂቃ አይቶት ያልፋል። ስንት ሰዓት እንደተኛ፣ ምን ያህል እንደበላ፣ ማን ሲመጣ ፊቱ እንደሚለዋወጥ የሚያውቀው አብሮት የዋለ ሰው ነው። ማየት፣ ሰዓት መቁጠር፣ ያዩትን በትክክል መጻፍ፣ አስታማሚውን መያዝ፤ አብዛኛው ቀን በእነዚህ ነው የሚያልፈው።

«አብዷል» ተብሎ የመጣ ልጅ ሁሉ የሳይካትሪ ታካሚ አይደለም። በተለይ ከ13 ዓመት በታች ላለ ልጅ እውነተኛ ሳይኮሲስ (ከእውነታው መለየት፣ የሌለ ድምፅ መስማት) ብርቅ ስለሆነ ሌላውን አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። ወሬ ከመጀመራችሁ በፊት ሙቀቱ ተለክቶ እንደሆነ ጠይቁ። በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት የጀመረ፣ ሲመሽ የሚብስ፣ አንዴ የሚመለስ አንዴ የሚጠፋ፣ የት እንዳለ የማያውቅ፣ አንሶላ የሚለቃቅም፣ በዓይኑ ነገር የሚታየው ልጅ አእምሮው የታወከው በሰውነት ሕመም ሊሆን ይችላል። ድሬ የወባ አገር ናት፤ በትንኝ የሚተላለፉ ትኩሳቶችም፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ደንጌ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ፣ በከተማዋ ውስጥ ተነሥተው አልፈዋል። የማጅራት ገትርም፣ የጭንቅላት አደጋም አለ። ባለፉት ወራት ውሻ ነክሶት እንደሆነ ጠይቁ፤ ውኃ ሲቀርብለት ጉሮሮው የሚኮማተር ልጅ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ አፉ ደርቆ፣ ቆዳው ግሎና ቀልቶ የሚቃዥ ከሆነ ደግሞ አስተናግር የሚባለውን ቅጠል ወይም ፍሬውን በልቶ እንደሆነ አብረውት የሚጫወቱትን ልጆች ጠይቁ። ቤተሰቡ አያውቅም፣ እኩዮቹ ግን ያውቃሉ። ይህን ሁሉ የሚመረምረው ሐኪሙ ነው፤ ጥያቄው ሳይነሣ እንዳያልፍ ማድረግ ግን የእናንተ ሥራ ነው።

ከገጠር በገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ የሚመጣ ልጅ አሁንም አለ። አባትየውን መቆጣት ምንም አይጠቅምም። ልጁ ጠፍቶ መኪና እንዳይገጨው፣ ገደል እንዳይገባ ብሎ ያሰረ ሰው ነው፤ የምትቆጡት ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ይደብቀዋል እንጂ አይተወውም። መጀመሪያ የታሰረውን እጅ ወይም እግር ተመልከቱ፦ ቀለሙ፣ ሙቀቱ፣ ቁስሉ፣ ጣቶቹ መንቀሳቀሳቸው። የቁልፉ ነገር ቀልድ ይመስላል፤ ግን ቁልፉ አገር ቤት ቀርቶ ሰንሰለቱ በመጋዝ የሚቆረጥበት ጊዜ ስላለ መጋዝ ከየት እንደሚገኝ አስቀድሞ ይታወቅ። ሲፈታ አንድ የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይቁም፣ ሌላው ሰው ይራቅ።

አልጋ ሲይዝ ቀበቶ፣ የጫማ ማሰሪያ፣ የሹራብ ገመድ፣ ምላጭ፣ ክብሪት፣ የስልክ ቻርጀር ይወጣል። የሚረሳው የአስታማሚው ዕቃ ነው። እናትየው ሻንጣ ውስጥ የፍራፍሬ ቢላ፣ የራሷ የደም ግፊት ክኒን፣ ሻሽና ነጠላ አለ። ፍተሻው በልጁ ፊት፣ እየተነገረው ይሁን። የተወሰደው ዕቃ ተመዝግቦ ቢፈርሙበት ይሻላል፤ «ስልኬ ጠፋ» የሚለው ጭቅጭቅ ከሕመሙ የበለጠ ቀን ይበላል።

ቋንቋ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ስሕተት የሚሠራው እዚህ ነውና። ክፍሉ ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ አማርኛና ሐረሪኛ በአንድ ቀን ይነገራል። ልጁ በአማርኛ መመለሱ በአማርኛ ያስባል ማለት አይደለም። ትምህርት ቤት የለመደውን አጭር መልስ ሰጥቶ ዝም ይላል፣ እናንተም «ልጁ ተናጋሪ አይደለም» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። አስተርጓሚ ስትፈልጉ ታላቅ ወንድሙን ወይም አባቱን አታድርጉ። ቤት ውስጥ የሚመታው ያ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ባይሆንም ወንድም የእኅቱን ምሥጢር አይተረጉምም፣ ያሳጥረዋል። ከሌላ ክፍል ቋንቋውን የምትችል ነርስ ወይም የጽዳት ሠራተኛ ከተገኘች ሦስት ነገር ንገሯት፦ እንዳለው ንገሪኝ፣ አታርሚው፣ ከዚህ አይወጣም። ስትናገሩ ልጁን እዩ እንጂ አስተርጓሚዋን አትዩ። ዓረፍተ ነገር አሳጥሩ። ትንንሾቹ «አዝኛለሁ» አይሉም፤ ሆዴን አመመኝ፣ ራሴን አዞረኝ፣ ልቤ መታ ይላሉ። የሆድ ሕመሙ ትምህርት ቤት በሚከፈትበት ጠዋት ብቻ የሚመጣ ከሆነ መረጃው እርሱ ነው።

ምሥጢርን በተመለከተ ልጁ ከመናገሩ በፊት ገደቡን ንገሩት። «የምትነግረኝን ለማንም አላወራም፤ ራስህን ልትጎዳ ካሰብክ፣ ሌላ ሰው ልትጎዳ ካሰብክ፣ ወይም አንተን የሚጎዳህ ሰው ካለ ግን ለሚረዱን ሰዎች እናገራለሁ፣ ያኔም አስቀድሜ እነግርሃለሁ።» ከተናገረ በኋላ የሚነገር ገደብ ክህደት ነው። ከሆስፒታሉ ውጭም ጉዳዩ አያበቃም። ጁገል ግንብ ውስጥ፣ ከዚራ ወይም መጋላ ላይ ልጁን ብታገኙት ቀድማችሁ ሰላም አትበሉት፤ እርሱ ካለ ብቻ መልሱ። «ይህን ሰውዬ ከየት አወቅኸው?» የሚል ጓደኛ አጠገቡ ይኖራል።

ራስን የማጥፋት ሐሳብ መኖሩን መጠየቅ ሐሳቡን ልጁ ውስጥ አይተክልም። በግልጽ ቃል ጠይቁ፤ «መጥፎ ሐሳብ አለህ?» የሚባል ጥያቄ መልስ የለውም። ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል፦ «አንዳንድ ልጅ በጣም ሲከፋው ባልተፈጠርኩ ይላል፤ አንቺስ?» ከዚያ «መሞት ፈልገሽ ታውቂያለሽ?»፣ «በምን ለማድረግ አሰብሽ?»፣ «ያ ነገር ቤት አለ?»፣ «ከዚህ በፊት ሞክረሻል?» ዘዴው የታሰበ፣ መሣሪያው ቤት ያለ፣ ሙከራም የነበረ ከሆነ ልጅቷ ብቻዋን ሽንት ቤት እንኳ አትሄድም፤ ወዲያው ለተረኛው ሐኪም ይነገራል። አዘውትሮ ማየት ከተባለ በየ15 ደቂቃው ሄዶ ማየት ነው፣ ሰዓቱን ጽፎ። በየሰዓቱ እኩልና ሩብ ላይ ብቻ ከሄዳችሁ ልጅ ይቆጥራል፤ ስለዚህ አንዳንዴ በ8 ደቂቃ፣ አንዳንዴ በ12 ይሁን፣ ከ15 ግን አይለፍ። ከሁሉ አደገኛው የርክክብ ሰዓት ነው። ሁሉም ነርስ ጠረጴዛው ጋ ተሰብስቦ ኮሪደሩ ባዶ ይሆናል፤ አንድ ሰው ልጆቹ ዘንድ ይቅር።

በእኛ አካባቢ ቤተሰቡን በስም እየጠራችሁ የምትጠይቁት ነገር አለ፦ የጫት ማሳና የእህል ፀረ ተባይ፣ የአይጥ መርዝ፣ በረኪና፣ የአያት መድኃኒት። «ደብቁት» አይበቃም፤ ልጅ የቤቱን መደበቂያ ሁሉ ያውቃል። ፀረ ተባዩ ከቤት ወጥቶ ዘመድ ጋ ይቀመጥ ወይም በቁልፍ ይዘጋ። አሚትሪፕቲሊን ለአልጋ ማርጠብም ሆነ ለሌላ ታዝዞ ቤት ካለ ጥቂት ክኒን ትንሽ ልጅን ሊገድል ስለሚችል ለብዙ ወር አንድ ላይ አይሰጥ ብላችሁ ለሐኪሙ አሳስቡ።

ልጅ ሲቆጣና ዕቃ ሲወረውር አንድ ሰው ብቻ ያውራ። ሦስት ሰው ባንድ ጊዜ «ተረጋጋ» ሲል የሚረጋጋ የለም። ሌሎቹን ልጆች አንዱ ይዞ ይውጣ። ሁለት ክንድ ያህል ራቁ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ጎን ለጎን ቁሙ፣ በሩን አትዝጉበት። ድምፅ ዝቅ፣ ቃል ጥቂት፦ «እዚህ ነኝ። ማንም አይነካህም። ውኃ ትፈልጋለህ ወይስ ውጭ መቀመጥ?» ሁለት ምርጫ በቂ ነው። ያኔ ስለ ጥፋቱ ማውራት እሳት ላይ ቤንዚን ነው፤ ከተረጋጋ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይደርሳል። መያዝ የመጨረሻው ነው፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ለአጭር ጊዜ። በሆዱ አስተኝቶ ጀርባው ላይ መጫን ትንፋሽ ይዘጋል፣ ልጅ ሞቶበታል የሚባለው አያያዝ ይህ ነው፤ በፍጹም አይደረግም። ከተያዘ ትንፋሹና የእጅ እግሩ ደም ዝውውር በየ15 ደቂቃው ይታያል። ብዙው ግጭት የሚነሣው ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት፣ ድሬ ስትግል፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ሲቆም መሆኑን የልጆቹን ወረቀት ብታገላብጡ ታያላችሁ። ለዚያ ሰዓት የቡድን ሥራ አትያዙ።

መድኃኒት ማዘዝ የእናንተ አይደለም፤ መድኃኒቱ የሚያመጣውን ማወቅ ግን ነው። ሃሎፔሪዶል የሚባለው የሳይኮሲስ መድኃኒት የተጀመረለት ልጅ፣ በተለይ ወንድ ልጅ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገቱ ወደ ኋላ ሊጠማዘዝ፣ ዓይኑ ወደ ላይ ሊሰቀል፣ መንጋጋው ሊቆለፍ፣ ምላሱ ሊወጣ ይችላል። ቤተሰቡ ያን ሲያይ «ጂኑ ገለጠ» ብሎ ልጁን ይዞ ይወጣል፤ ካልወጣም መድኃኒቱን አይነካም። የጡንቻ መያዝ ነው፤ በፕሮሜታዚን መርፌ ወይም በትራይሄክሲፌኒዲል ይለቃል፣ መርፌው አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ። ድምፁ ከተዘጋ ወይም መተንፈስ ካቃተው ግን ድንገተኛ ነው። ክኒኑ ሲጀመር «እንዲህ ሊሆን ይችላል፣ ከሆነ ጥሩን» ብሎ ለአስታማሚው መንገር ሁለት ደቂቃ ይፈጃል፣ የታካሚ መጥፋትን ያስቀራል። ሌላው ደግሞ መቀመጥ ያቃተው፣ እግሩን የሚያወዛውዝ፣ ኮሪደሩን ሲመላለስ የሚውል ልጅ ነው። «ባሰበት» ተብሎ መጠኑ ይጨመርለታል፤ ነገሩን ያመጣው ግን መድኃኒቱ ራሱ ሊሆን ይችላል። «ከውስጥህ ነው የሚነዳህ ወይስ ሰልችቶህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁና መልሱን ለሐኪሙ አድርሱ። ፍሉኦክሲቲን የሚባለውን የድብርት መድኃኒት የጀመረ ልጅ ለመሻል ሳምንታት ይፈልጋል፤ በእነዚያ ሳምንታት ግን እረፍት ማጣትና ራስን የመጉዳት ሐሳብ ሊጨምር ስለሚችል ዓይናችሁን አታንሡ።

ሙቀቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ትራይሄክሲፌኒዲልና ሌላው የሳይኮሲስ መድኃኒት ክሎርፕሮማዚን ላብ ይቀንሳሉ፣ ሰውነት አይቀዘቅዝም። ክሎርፕሮማዚን የሚወስድ ልጅ በፀሐይ ቆዳው ይቃጠላል። ሊቲየም የሚባለውን የስሜት ማረጋጊያ የሚወስድ ታዳጊ ውኃ ካጣ ወይም ካስቀመጠው መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል፤ እጁ በኃይል ሲንቀጠቀጥ፣ ሲያስመልሰው፣ ሲንገዳገድ ለሐኪም ይነገር፣ የሚቀጥለው ክኒንም ሳይጠየቅ አይሰጥ። ውኃ በብርጭቆ በሰዓቱ አድሉ፤ «ሲጠማህ ጠጣ» ለታመመ ልጅ አይሠራም። ረመዳን ሲገባም ሆነ ልጆች ፍልሰታን ሲጾሙ ጉዳዩን ሳይጾም በፊት አንሡት። የታመመ ሰው እንደማይገደድ ሼኩም የንስሐ አባትም ያውቃሉ፤ ከእናንተ አፍ ይልቅ ከእነርሱ ቢሰማ ይሻላል። ልጹም ካለ ሐኪሙ ወደ አፍጥርና ሱሁር ሊዞር የሚችል መድኃኒት መሆን አለመሆኑን ይንገር፤ ሊቲየም እንዲህ በቀላሉ አይዞርም።

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅም የሚመጣው ወደዚሁ ክፍል ነው። ሲጥለው ሰዓት ያዙ፣ በጎኑ አስተኙት፣ አጠገቡ ያለውን ጠንካራ ነገር አንሡ፣ አንገቱ ላይ ያለውን አላሉ። ክብሪት ጭሮ ማሽተት፣ ማንኪያ ጥርስ መሃል መክተት፣ ውኃ መድፋት አይረዳም፣ ይጎዳል እንጂ። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ድንገተኛ ነው። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱ ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ ሳያቋርጥ ሊጥለው ይችላል፤ ከሩቅ የሚመጣ ቤተሰብ መድኃኒቱ ከማለቁ ከሳምንት በፊት እንዲመለስ ቀጠሮውን አሳጥሩ። ደግሞም ይኸው ፌኖባርቢታል አንዳንዱን ልጅ ቀዥቃዣና ቁጡ ያደርገዋል። «ባለጌ ሆነ» የሚል እናት ስትመጣ ባሕርዩ የተለወጠው ከክኒኑ በፊት ነው በኋላ? በሉ።

ከዚህ የሚለይ፣ የሚጥል በሽታ የሚመስል ግን ከጭንቀት የሚመጣ መውደቅ ደግሞ አለ። ልጅቷ ትወድቃለች፣ ዓይኗን አጥብቃ ጨፍናለች፣ ልትገልጡት ስትሉ ትከላከላለች፣ ራሷ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል፣ ብዙ ደቂቃ ይቆያል። ፈተና ሲቀርብ ወይም የጋብቻ ወሬ ቤት ሲገባ ይበዛል። ይህን ሐኪሙ ይለየው፤ ሁለቱ በአንድ ልጅ ላይም ይገኛሉ። «ታስመስላለች» የሚለው ቃል ግን ከክፍሉ ይውጣ። አታስመስልም። ሲይዛት ተመልካች ይቀነስ፣ አንድ ሰው በጸጥታ አጠገቧ ይቀመጥ፣ ካለፈ በኋላ ከመውደቋ በፊት ስለነበረው ሰዓት ይጠየቅ እንጂ ስለ መውደቁ ብዙ አይወራ። ጋብቻ ከሆነ ነገሩ፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ ከ18 እንደሚጀምር ለአባትየው የሚነግር ሰው ከሆስፒታሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ጋር ሆናችሁ ምረጡ።

ጫት ሳይጠየቅ የድሬና የሐረር ልጅ ታሪክ አይሞላም። የጫት ገበያው አዋዳይ ጎረቤት ነው፤ ገራባ (የተጣለ የጫት ቅጠል) እየለቀመ የሚቅም የጎዳና ልጅ አለ፣ ለፈተና ጥናት ብሎ የጀመረ የ15 ዓመት ተማሪ አለ። «ትቅማለህ?» ብላችሁ በአባቱ ፊት ብትጠይቁ መልሱ አይደለም ነው። ለብቻው፣ «ከትምህርት በኋላ ከነማን ጋር ትውላለህ?» ብሎ መጀመር ይቀላል። ከዚያ በሳምንት ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት ድረስ፣ ምርቃናው ሲወርድ ምን እንደሚሆን፣ ዱካክ (የጫት ቅዠት) ይመጣበት እንደሆነ ጠይቁ። እንቅልፍ ካጣ ስንት ሌሊት ሆነው? ጥርጣሬና ድምፅ መስማት የጀመረው ከመቃሙ በፊት ነው በኋላ? በክፍሉ ውስጥ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ብዙ ሊተኛ፣ ሊከፋው፣ ብዙ ሊበላ ይችላል፤ ያን ጊዜ «ድብርት» ብሎ ለመደምደም አትቸኩሉ። አስታማሚው አባት ከሰዓት ወጥቶ ቅሞ የሚመለስ ከሆነ እርሱንም ማነጋገር አለባችሁ። «አቦ እኔ አዋቂ ነኝ» ይላል። አዋቂ ነው፤ ግን ልጁ አጠገብ አይቃም። ባቡር ጣቢያ አካባቢ የሚውሉት ላይ ማስቲሽና ቤንዚንም ጨምራችሁ ጠይቁ፤ አፍና አፍንጫ ዙሪያ ሽፍታ፣ ልብስ ላይ ሽታ ይታያል።

የቀኑ ሰሌዳ ትልቅ መድኃኒት ነው፣ የሚያስከፍለውም ወረቀትና ማርከር ብቻ ነው። ማንበብ ለማይችሉ በሥዕል ይሳል፣ ግድግዳው ላይ በልጅ ቁመት ይለጠፍ። 2 ሰዓት ቁርስ፣ ዙሩ ካለፈ በኋላ 4 ሰዓት ላይ የቡድን ጊዜ፣ ከሰዓት እረፍት፣ 10 ሰዓት ጨዋታ፣ ማታ 3 ሰዓት አልጋ። የቡድን ጊዜ ከ5 ወይም ከ6 ልጅ አይብለጥ፣ ከ40 ደቂቃም አይለፍ፤ ከ8 ዓመት በታች ላሉት 20 ይበቃል። ሰኞ ማክሰኞ፣ ገበጣና ሥዕል ጥሩ ናቸው። ብይ አይሁን፤ ትንሹ ይውጠዋል፣ ትልቁ ይወረውረዋል። ለመልካም ጠባይ ሰሌዳው ላይ ኮከብ ስትሰጡ ሦስት ነገር ብቻ ምረጡ፣ «አትማታ» ሳይሆን «እጅህን ለራስህ ያዝ» በሚል አነጋገር። ሽልማቱ በዚያው ቀን ይሰጥ። ያገኘውን ኮከብ በቅጣት መንጠቅ ሰሌዳውን በአንድ ቀን ይገድለዋል።

አስታማሚዋ ካልተኛች ልጁም አይተኛም። ስትገቡ መጀመሪያ እርሷን ሰላም በሉ፣ ሶማሊ ከሆነች «ሆዮ» ብላችሁ። ጸበል ወይም ቁርኣን ማስቀራት እንደሚፈልጉ ሲናገሩ አትከራከሩ፤ ከተከራከራችሁ ተደብቀው ይሄዳሉ። ክኒኑ ሳይቋረጥ፣ ምግብ ሳይከለከል፣ ሳይገረፍና ሳይታጠን ይሁን በሏቸው፤ ብዙዎቹ ይስማማሉ።

ጥቃት የደረሰበት ልጅ ከሆነ ዝርዝሩን እናንተ አታስወሩት። ደግሞ ደጋግሞ ማውራት ልጁን ይጎዳል፣ ማስረጃውንም ያበላሻል። በልጁ ቃል የተናገረውን ብቻ በትእምርተ ጥቅስ ጻፉ፣ ሐኪሙ ዘንድ አድርሱ። የኤችአይቪ መከላከያው የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ስለሆነ «ነገ ይታያል» አይባልም። ተጠርጣሪው አስታማሚው ራሱ ከሆነ ክፍሉ ውስጥ እንዳያድር በዚያው ቀን ይወሰን።

ስትጽፉ ያያችሁትን ጻፉ። «ረበሸ» ምንም አይናገርም። «8፡20 ላይ ስልክ ሲከለከል ሳህን ወረወረ፣ 15 ደቂቃ ጮኸ፣ ውጭ ወጥቶ ውኃ ከጠጣ በኋላ ተረጋጋ» ለሚቀጥለው ተረኛ መድኃኒት ነው። የእንቅልፍ ሰዓትም «ተኝቷል» ተብሎ ሳይሆን ከስንት እስከ ስንት ይጻፍ።

ሲወጣ ለአስታማሚው ሁሉን በአንድ ጊዜ አትንገሩ፤ ከመውጫው ሁለት ቀን በፊት ጀምሩና መልሳ እንድትነግራችሁ ጠይቁ፦ ክኒኑ የቱ ነው፣ ስንት፣ መቼ፣ ምን ሲታይ ይመለሳል። ለትምህርት ቤቱ የሚጻፈው ደብዳቤ የሕመሙን ስም አይያዝ። «በሕክምና ላይ ነበር፣ ለሁለት ሳምንት ግማሽ ቀን ይማር፣ ክኒኑ ስለሚያስተኛው ጠዋት ቢያንቀላፋ አይቀጣ፣ ውኃና ሽንት ቤት ሲጠይቅ ይፈቀድለት» ይበቃል። ደብዳቤው በወላጅ እጅ ለርእሰ መምህሩ ይድረስ እንጂ ልጁ ይዞት አይሂድ፤ ክፍል ሳይደርስ ይነበባል። የመጀመሪያው ቀጠሮ ቢቻል ከሳምንት አይለፍ፣ ከገበያ ቀን ጋርም ቢገጥም ትራንስፖርቱ ይቀላል። ሁለት ስልክ ተቀበሉ፤ አንዱ የጎረቤት ወይም የሱቅ ይሁን፣ የገጠሩ ስልክ ቻርጅ አጥቶ ቀናት ይዘጋልና። በጎረቤት ስልክ ስትደውሉ ከሆስፒታል ነው አትበሉ፣ ስማችሁን ብቻ ተናግራችሁ እናትየው መልሳ እንድትደውል ጠይቁ።